«ሜ ጉስታ» እና «ደስ ይለኛል»



ባለፈው ቅዳሜ ከክፍል በኋላ አንዲት እናት የልጃቸውን የስፓኒሽ ፈተና ይዘው መጡ። ወረቀቱ በቀይ እርማት ተሞልቷል። «መምህር፣ ሦስት ቋንቋ በዛባት መሰለኝ። አማርኛውን ለጊዜው ብናቆመውስ?» አሉኝ። ልጅቷ አጠገባቸው አቀርቅራ ቆማለች።

ወረቀቱን አየሁት። ስህተቱ ከአማርኛ የመጣ አልነበረም። እንዲያውም አማርኛዋን ብትጠይቀው ኖሮ መልሱን ይነግራት ነበር።

የጻፈችው «ዮ ጉስቶ ላ ሙሲካ» ነው። «ሙዚቃ እወዳለሁ» ማለቷ ነበር። እንግሊዝኛው በ«እኔ» ስለሚጀምር እሷም በ«ዮ»፣ ማለትም በ«እኔ» ጀመረች። ትክክለኛው ግን «ሜ ጉስታ ላ ሙሲካ» ነው። ስፓኒሽ እዚህ ላይ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የሚያደርገው ሰውየውን ሳይሆን የተወደደውን ነገር ነው። «ሜ» ማለት «እኔን» ማለት ነው።

ይህ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀውን ልጅ ግር ይለዋል። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። «ሙዚቃ ደስ ይለኛል» ትሉ የለ? ደስ የሚለው ሙዚቃው ነው፤ «እኔ» ያለሁት «ይለኛል» ውስጥ ባለችው «ኛ» ላይ ነው። እኔ በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና፣ እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው፦

ሜ ጉስታ — ደስ ይለኛል
ቴ ጉስታ — ደስ ይልሃል፣ ደስ ይልሻል
ሌ ጉስታ — ደስ ይለዋል፣ ደስ ይላታል፣ ደስ ይልዎታል
ኖስ ጉስታ — ደስ ይለናል
ሌስ ጉስታ — ደስ ይላቸዋል፣ ደስ ይላችኋል

(የመጨረሻው በላቲን አሜሪካ አነጋገር ነው። በስፔን አገር ጓደኞቻችሁን «ደስ ይላችኋል» ስትሉ «ኦስ ጉስታ» ይባላል።)

አሁን አራት ነገሮችን ያዙ።

1. የተወደደው ነገር ሲበዛ ግሱም ይበዛል። «ሜ ጉስታን ሎስ ፔሮስ» ማለት «ውሾች ደስ ይሉኛል» ነው። «ይለኛል» «ይሉኛል» እንደሚሆን ሁሉ «ጉስታ»ም «ጉስታን» ይሆናል።

2. የተወደደው ሥራ ከሆነ ግሱ አይበዛም። «ሜ ጉስታ ሌኤር» ማለት «ማንበብ ደስ ይለኛል» ነው። «ማንበብና መዝፈን» ብትሉም ያው «ሜ ጉስታ ሌኤር ኢ ካንታር» ነው።

3. ሰውየውን በስም ስትጠሩ ከፊቱ «አ» አስገቡ። «አ ሚ ማማ ሌ ጉስታ ላ ሙሲካ» ማለት «እናቴን ሙዚቃ ደስ ይላታል» ነው። በአማርኛ «እናቴን» ስንል ያለችው «ን» የምትሠራውን፣ በስፓኒሽ «አ» ትሠራዋለች። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚያጣው ይህችን ረስቶ ነው።

4. ላለመውደድ ከፊት «ኖ» ይበቃል፤ «ኖ ሜ ጉስታ» ማለት «ደስ አይለኝም» ነው።

ሁሉም ነገር ይመሳሰላል ማለቴ ግን አይደለም። እኛ ለሴት «ደስ ትለኛለች» እንላለን፤ «ጉስታ» ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። እኛ «ራበኝ» የምንለውን ስፓኒሽ «ቴንጎ አምብሬ»፣ ቃል በቃል «ረሃብ አለኝ» ይላል። ስለዚህ አማርኛ የስፓኒሽን መጽሐፍ አይተካም። አስተማሪው «እንዲህም ይባላል» ሲል ግን እንዳትደነግጡ ያደርጋል፤ ዓረፍተ ነገር ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ እንደሚሠራ ከቤታችሁ ታውቃላችሁና።

ወላጆች፣ ልጃችሁ በሌላ ቋንቋ ሲቸገር አማርኛውን ለመቀነስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር አብራችሁ እዩና «ይህን በአማርኛ እንዴት ትለዋለህ? እንዴት ትይዋለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስፓኒሽ ባታውቁም መርዳት ትችላላችሁ።

ያችን ልጅ እኔም ይህንኑ ጠየቅኋት። «ሙዚቃ ደስ ይለኛል» አለች። «እዚህ ውስጥ አንቺ የት ነሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ኛ ላይ!» አለች። ከዚያ እርሳሷን አውጥታ ከቀዩ እርማት ጎን ራሷ አስተካክላ ጻፈችው። እናቷም ስለማቆሙ ደግመው አላነሱም።

የሳምንቱ የቤት ሥራ፦ ከቤተሰባችሁ ሦስት ሰዎችን ምን ደስ እንደሚላቸው ጠይቁ። መልሱን በአማርኛ በፊደል ጻፉ፤ ስፓኒሽ የምትማሩ ደግሞ ከጎኑ በስፓኒሽ ጨምሩበት። ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ።

መልካም ሳምንት!