ተጨማሪ መረጃ፦ ያለ እግር ፍሬን የረገጠው አሌክስ ዛናርዲ

ጣሊያናዊው የመኪና ተወዳዳሪ አሌክስ ዛናርዲ በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. በጀርመኑ ላውዚትስሪንግ የመኪና ውድድር ሜዳ በደረሰበት ግጭት ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበቱ በላይ አጣ። ብዙ ደም ስለፈሰሰው በሕይወት መትረፉ ራሱ ያስደንቃል። በ2003 ወደዚያው ሜዳ ተመልሶ በአደጋው ቀን የቀሩትን 13 ዙሮች ነድቶ ጨረሰ። ከዚያም በቢኤምደብሊው መኪና መወዳደር ጀመረ። ነዳጅ የሚሰጠው መሪው ላይ በተገጠመ ቀለበት፣ በእጁ ነበር፤ ፍሬን የሚረግጠው ግን በሰው ሠራሽ እግሩ ነበር። ቁርጭምጭሚትም ጉልበትም ስላልነበረው ኃይሉን ከዳሌው አምጥቶ መመጠን ነበረበት። በውድድር ፍጥነት ይህን ማድረግ እጅግ ከባድ ችሎታ ነው! በ2005 በዓለም የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና አንድ ውድድር አሸነፈ። በኋላም በእጅ በሚነዳ ብስክሌት ተወዳድሮ በለንደንና በሪዮ ፓራሊምፒክ 4 የወርቅ ሜዳሊያዎች አግኝቷል።