ክንፉ ውስጥ መዳብ ያለው ወፍ



በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ደን ውስጥ ቱካን የሚባል ወፍ ይኖራል። ምንቃሩ ትልቅ፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ምግቡም በአብዛኛው ፍሬ ነው። በፊልም አይተነው «ሱብሐነላህ!» ያልን እንኖራለን። ቱካን በአገራችን የለም። ነገር ግን እሱ እዚያ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራ፣ በውበትም የማያንስ ወፍ አለን፤ ባለ ነጭ ጉንጩ ቱራኮ።

ይህን ወፍ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቤቴል ወደ ምዕራብ ስንመለከት የወጨጫ ተራራ ይታያል። በዚያ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ከመኖሪያዎቹ አንዱ ነው። በአዲስ አበባም ትልልቅ ዛፎች ባሉባቸው ግቢዎች ይታያል።

አካሉ አረንጓዴ ስለሆነ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ ከቅጠሉ ለመለየት ያስቸግራል። ለመብረር ክንፉን ሲዘረጋ ግን ደማቅ ቀይ ላባ ብቅ ይላል። የዚህ ቀይ ምስጢር መዳብ ነው። «ቱራሲን» የተባለው ቀለም በውስጡ መዳብ የያዘ ሲሆን የሚታወቀውም በቱራኮ ቤተሰብ ነው። አረንጓዴውም ቢሆን እውነተኛ ቀለም ነው። በብዙዎቹ ሌሎች ወፎች ላይ የምናየው አረንጓዴ ግን ብርሃን በላባቸው ውስጥ ሲበተን ከቢጫ ቀለም ጋር ተደምሮ የሚፈጠር ነው።

ከውበቱ የሚበልጠው ግን ሥራው ነው። ቱራኮ የሾላ፣ የዝግባና የጥድ ፍሬ ይበላል። የፍሬው ሥጋ ሆዱ ውስጥ ሲፈጭ፣ ዘሩ ከኩሱ ጋር ከእናት ዛፉ ርቆ ይወድቃል፤ እዚያም ይበቅላል። ወፉ ዛፉን ለምግብ ይፈልጋል፤ ዛፉም ዘሩን የሚያደርስለት ወፍ ይፈልጋል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይጎዳል። በዓለም ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የሩስፖሊ ቱራኮ ሥጋት ላይ የወደቀውም በዋናነት ደኑ እየተመነጠረ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ በክረምት ለችግኝ ተከላ ስንወጣ «ስንት ተከልን?» ብቻ ሳይሆን «ምን ተከልን?» ብለን እንጠይቅ። የባሕር ዛፍ ፍሬ ደረቅ ነው፤ ለቱራኮ የሚሆን ሥጋ የለውም። ዝግባ፣ ሾላ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ግን ወፍ ይመግባሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ተክል ወፍ ቢበላ ለተከለው ሰው ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል። እንግዲያውስ ወፍ የሚበላለትን ዛፍ እንምረጥ።

አላህ ከሚተክሉት ያድርገን።