የቴምብሩ በገና ስንት አውታር አለው?

የጅቡቲው የድሮ ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ለገሀር ከመድረሱ በፊት አቃቂን ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ደብዳቤም እስከ ከተማዋ ድረስ በዚያው መስመር ይመላለስ ጀመር። ባቡር ጣቢያና ፋብሪካ ባሳደጓቸው በአቃቂ ቃሊቲ ሰፈሮች፣ ከአንድ ጡረተኛ ሳጥን ቴምብር የተለጠፈበት የቆየ ፖስታ ቢወጣ አይገርምም።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 ወጡ። ፓሪስ የታተሙ ሰባት ነበሩ፤ የዳግማዊ ምኒልክን መልክና የይሁዳን አንበሳ የያዙ። የሙዚቃ መሣሪያ ተራ የደረሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ከበሮ፣ በገና፣ ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት በአንድ ተከታታይ እትም ወጡ።

ቴምብር ሰብሳቢ ሁሉንም ልሰብስብ ካለ ዕድሜ አይበቃውም። ስለዚህ ብዙዎች አንድ ርእስ ይመርጣሉ፤ አበባ፣ ወፍ፣ መስቀል ወይም የሙዚቃ መሣሪያ። የመሣሪያው ርእስ ደስ የሚለው ሥዕሉን ከዕቃው ጋር ማመሳከር ስለሚቻል ነው። አጉሊ መነጽር ያዙና ቁጠሩ፦ በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት፤ ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ብቻ። ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ይኖረዋል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አንዱ ፊቱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ቴምብር ግን ሁሉን አያሳይም። የበገናን ድምፅ የሚያነዝሩት፣ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ማለትም እንዝራዎቹ፣ ጥፍር በምታክል ሥዕል ላይ አይለዩም። ለእነሱ በገና ደርዳሪ ዘንድ መሄድ ነው።

ቴምብር ከፖስታ ላይ በጥፍር አይላጥም። ማኅተሙ ጥርት ብሎ የሚነበብ ከሆነ ፖስታውን እንዳለ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ቀኑና ከተማው የታሪኩ አካል ናቸውና። ካልሆነ ዙሪያውን ትርፍ ወረቀት ትቶ በመቀስ መቁረጥ፣ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ሙጫው ሲለቅ በወረንጦ ማውጣት፣ በፊቱ ደፍቶ ንጹሕ ወረቀት ላይ ማድረቅ፣ ከዚያም መጽሐፍ መሃል አድርጎ መጫን ነው። ዳር ዳሩ ያለው ጥርስ አንዱ ከተቀነጠሰ ዋጋው ይወርዳል። በአልበም ላይ በኮላ መለጠፍ ደግሞ ማጥፋት ነው።

ስብስብ መጀመር የሚፈልግ አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ሙዚየም አስቀድሞ ይጎብኝ። አቃቂ ቃሊቲ ያላችሁ ደግሞ የአባት የአያት ሳጥን ስታጸዱ ወረቀቱን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ፖስታዎቹን አገላብጡ።