ባለስድስት አኃዙ ኮድና የጠፋው ስልክ

ዩኒቨርሲቲዎች ኢሜይሉን፣ የውጤት ገጹንና የቤተ መጻሕፍቱን መግቢያ በአንድ አካውንት ሥር ከሰበሰቡ ወዲህ ፓስወርድ ብቻውን አያስገባም። ፓስወርዱን ተከትሎ ስልክ ላይ ያለው ኦተንቲኬተር የሚያሳየው ባለስድስት አኃዝ ኮድ ይጠየቃል። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲቀየር ተማሪው ደጅ ይቀራል። ይህን የደረሰበት ሁሉ ያውቃል፤ ኮዱ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ያንን የተረዳ ሰው አካውንቱን ለማስመለስ ማንን ምን እንደሚጠይቅ አይቸገርም።

ኮዱን የሚልከው ማንም የለም። ኦተንቲኬተሩን መጀመሪያ ስታስገቡ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ኪውአር በካሜራ አንስታችኋል፤ ያኔ አንድ ረጅም የምስጢር ቁልፍ ወደ ስልካችሁ ገብቷል። ያው ቁልፍ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይም አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮዱ ሁለቱ አይነጋገሩም። ስልኩ ቁልፉንና ሰዓቱን ይዞ ያሰላል፤ ሰርቨሩም በበኩሉ ያንኑ ያሰላል፤ ውጤቱ ከገጠመ ትገባላችሁ። ስሌቱ ቲኦቲፒ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አርኤፍሲ 6238 በተባለ ሰነድ ማንም እንዲጠቀምበት ታትሟል። ሲም ካርዱ ቢነቀል፣ ዳታው ቢዘጋ፣ ኮዱ በየ30 ሰከንዱ መቀያየሩን አያቆምም። (በዱኦ ወይም በማይክሮሶፍት ኦተንቲኬተር «ፍቀድ» የሚል ጥያቄ የሚልኩ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ ያ ኢንተርኔት ይፈልጋል። እናንተ ሳትገቡ የመጣ ጥያቄ ከሆነ ግን በፍጹም አትፍቀዱ።)

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ቆጠራው የሚነሳው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፣ በግሪኒች ሰዓት ነው። በእኛ ሲመለስ ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለፈው ሰከንድ ለ30 ይካፈላል፤ የተገኘው ቁጥር ከምስጢሩ ቁልፍ ጋር ይሰላና ስድስት አኃዝ ይወጣል። እንግዲህ የስልኩ ሰዓት ከተዛባ ኮዱም ይዛባል።

የእኛ አገር ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። «ኮዱ አልሠራ አለኝ፣ አካውንቴ ጠፋ» ከሚሉት መካከል ምንም ያልጠፋባቸው አሉ። አዲስ አበባ ሆኖ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ በርቀት የሚማር ልጅ አንድ ጠዋት ስልኩን ይዞልኝ መጣ። ኮዱን ደጋግሞ ቢያስገባም «ትክክል አይደለም» ይለዋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ስልኩም 2:30 ይላል። ስልኩ በእኛ ሰዓት እንዲቆጥርለት ብሎ በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል፤ የሰዓት ክልሉ ግን አዲስ አበባ ላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ ስልኩ ገና ሌሊት ነው ብሎ ያሰላል፤ የሚያወጣው ኮድም 720 ኮድ ያለፈበት ነው። ሰርቨር እንደ ደንቡ የሚታገሠው አንድ ኮድ ያህል መዘግየት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን አብርተን ብንሞክረው ወዲያው ገባ።

እባካችሁ የስልክ ሰዓት በእጅ አትንኩ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉም አሉ፤ ያኔ ከኮዱ አልፎ ድረ ገጾችም አልከፈት ይላሉ። በእኛ ሰዓት ማየት የሚፈልግ የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳይ አፕ ያውርድ፤ ወይም ሰዓቱን ትቶ የሰዓት ክልሉን ቦነስ አይረስ ያድርገው። ቦነስ አይረስ ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ስልኩ ጠዋት 2:30 ያሳያል፤ ሰከንዱ ስለማይነካ ኮዱም ትክክል ነው።

ስልኩ በእርግጥ ከጠፋስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ሲም ካርድ ለማስወጣት ነው። አዲሱ ሲም በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ ይመልሳል፤ የኦተንቲኬተሩ ቁልፍ ግን የተቀመጠው ስልኩ ላይ ስለሆነ ከሲሙ ጋር አይመጣም። ጉግል ኦተንቲኬተር እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ከጉግል አካውንት ጋር ማመሳሰል ይችላል፤ ያንን ያበራ ሰው አዲሱ ስልክ ላይ ሲገባ ቁልፎቹን ያገኛቸዋል። ያላበራ ወደ ዩኒቨርሲቲው አይሲቲ ክፍል ይሄዳል።

እዚያ ያሉት ሰዎች ኮዱን አይተው ሊነግሯችሁ አይችሉም፤ የሚችሉት አሮጌውን ምዝገባ ሰርዘው አዲስ ኪውአር እንድታነሱ ማድረግ ነው። እስከዚያው የማይክሮሶፍት ተጠቃሚ ዩኒቨርሲቲ ጊዜያዊ ማለፊያ ይሰጣል፤ ዱኦ ያለው ማለፊያ ኮድ ያወጣል፤ የጉግል ከሆነ አስተዳዳሪው ባክአፕ ኮድ ያወጣላችኋል። መታወቂያ ይዛችሁ ቅረቡ፣ ሩቅ ከሆናችሁም በቪዲዮ ፊታችሁን አሳዩ ቢሏችሁ አትቆጡ። ስልኩን የሰረቀው ሰውም «እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ» ብሎ መደወል ይችላል፤ ያለ ማጣራት የሚከፍት ቢሮ ለሌባውም ይከፍታል። ስልኩ መሰረቁንም ንገሯቸው፤ በዚያ ስልክ ተከፍቶ የቀረ ኢሜይል ካለ ያስወጡታል።

ኪውአሩን ስክሪንሾት አድርጎ ቴሌግራም ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ትልቅ ስሕተት ነው። ያንን ምስል ያገኘ ሁሉ የእናንተን ኮድ እናንተ በምታገኙበት ሰከንድ ያገኛል። ጉግል የሚሰጣቸውን 10 ባክአፕ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፎ ከትምህርት ማስረጃ ጋር ማስቀመጥ ይሻላል፤ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። የማይክሮሶፍት የትምህርት ቤት አካውንት እንዲህ ያለ ዝርዝር ስለማይሰጥ ሁለተኛ ስልክ ወይም የደኅንነት ቁልፍ የሚባለውን መሣሪያ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

አካውንታችሁ ዛሬ ክፍት ከሆነ የደኅንነት ገጹን ከፍታችሁ ሁለተኛ መንገድ አስመዝግቡ። ስልኩ ከጠፋ በኋላ ያ ገጽ ራሱ ኮድ ይጠይቃል።