ቶሎ ቶሎ መልቀቅ፣ አገልግሎትን ሳያናጉ

አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ አካባቢ ካለ ሱቅ ዕቃ ገዝቶ በስልኩ የሚከፍል ሰው የሚጠብቀው ጥቂት ሴኮንድ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ትእዛዙ ማንነቱን በሚያረጋግጥ፣ ከሒሳቡ ቀንሶ ለባለሱቁ በሚጨምርና መልእክት በሚልክ ሶፍትዌር ውስጥ ያልፋል። በትልልቅ ተቋማት እነዚህን ክፍሎች የሚሠሩት የተለያዩ ቡድኖች ናቸው። 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራን በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ማቅረብን የሚመክረውን የአጃይል መግለጫ ካወጡ ወዲህ ደግሞ ቡድኖች ዓመት ሙሉ ሠርተው አንዴ ከማስረከብ ይልቅ በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየቀኑ አዲስ ስሪት መልቀቅን ለምደዋል። ታዲያ ሁሉም በየፊናው ሲለቅ አገልግሎቱ እንዴት አይናጋም? የዚህ ምዕራፍ መልስ አደጋው ከለውጡ መደጋገም ሳይሆን ከግዝፈቱና ከመመለሻው መጥፋት ይመነጫል የሚል ነው።

ለውጥን መፍራት መሠረት አለው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ወጪ ማድረግና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመድረሱን ገልጿል፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት እንደነበር አስታውቋል። ጉግልም ከራሱ ልምድ በመነሣት ከአገልግሎት መቋረጦች 70 በመቶ ያህሉ በሥራ ላይ ባለ ሥርዓት ከሚደረግ ለውጥ እንደሚመጡ ጽፏል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ለውጥ እናሳንስ፤ በዓመት ሁለቴ ብቻ እንልቀቅ» የሚል ክርክር ይቀርባል።

ክርክሩ አሳማኝ ቢመስልም ስሌቱ ይሳሳታል። ስድስት ወር የታገደ ለውጥ አይቀንስም፤ ይከማቻል። የአሥር ቡድን ሥራ በአንድ ሌሊት ሲለቀቅና አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋቱ ከየትኛው ለውጥ እንደመጣ ለይቶ ማወቅ ያዳግታል፤ ወደ ኋላ መመለስም የሁሉንም ሥራ መመለስ ይሆናል። ትናንሽ ለውጥ የለቀቀ ቡድን ግን የት እንደሚፈልግ ያውቃል። ኒኮል ፎርስግሬን፣ ጄዝ ሃምብልና ጂን ኪም ከ23 ሺህ በላይ የመጠይቅ ምላሾችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ ቶሎ ቶሎ የሚለቁ ድርጅቶች ብልሽታቸውም ያነሰ፣ ጥገናቸውም የፈጠነ ሆኖ አግኝተዋል። መጠይቅ ብቻውን መንሥኤን አያረጋግጥም የሚል ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ግኝቱ አሁን ካየነው አሠራር ጋር ይገጥማል።

ፍጥነት ግን ሥርዓት ይጠይቃል። የአሜሪካው የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት ናይት ካፒታል እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲሱን ስሪት ከስምንት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጭን በመቅረቱ በ45 ደቂቃ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። ጭነቱ በእጅ የተሠራ ነበር፤ መሟላቱንም ሌላ ሰው አላረጋገጠም። ቡድኖች ሲበዙ ደግሞ ሥራቸውን ለማቀናጀት የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውና ወደ ቃሊቲ የሚወርደው መስመሮች በሜክሲኮና በልደታ በኩል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ለብቻቸው በሚሄዱበት መንገድ አንዱ ሌላውን መጠበቅ የለበትም፤ በጋራው ሐዲድ ላይ ግን የጋራ ሰሌዳ ግድ ነው። ቡድኖችም በየራሳቸው ክፍል ነፃ ሆነው ይልቀቁ። ሌሎች የሚደገፉበትን ክፍል፣ ለምሳሌ የሒሳብ መዝገቡን፣ የሚነካ ለውጥ ግን አስቀድሞ ይነገር፣ በራስ ሰር ፍተሻ ይለፍ፣ ሌሎች ክፍሉን የሚጠሩበት አሮጌው መንገድም ሁሉም ቡድን ወደ አዲሱ እስኪሻገር ይቆይ። ሥራው ያልደረሰለት ቡድን ለቀጣዩ ቀጠሮ ይደር እንጂ ሌላውን አያስቆም።

«ይህ ለሀብታም ኩባንያ ነው» የሚሉ አሉ። የፍተሻ ሥርዓት መገንባት በእርግጥ ወጪ አለው። ለጥቂት ደንበኞች ብቻ ለቆ ማየት፣ መመለሻውን አስቀድሞ መሞከርና ለእያንዳንዱ ልቀት ኃላፊ መሰየም ግን ከገንዘብ ይልቅ ዲሲፕሊን ይፈልጋሉ። የሕዝብ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር የምትመሩ ሁሉ፣ «መቼ እንልቀቅ?» ከማለታችሁ በፊት «ቢበላሽ በስንት ደቂቃ እንመልሰዋለን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ካልታወቀ አትልቀቁ።