ያለ ሽቦ የሚሻገር ስዕል፦ ስልክንና ኮምፒዩተርን በቴሌቪዥን ስለማሳየት



ባለፈው ሳምንት የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወደ እኔ ቀረብ ብላ፣ «ቲቸር፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም ሽቦ አልተሰካም። ዛሬ ደግሞ ኔትወርክ የለም። ታዲያ በስልክዎ ውስጥ የነበረው የልብ ስዕል እንዴት እዚያ ተሻገረ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ እንደሆነ ስለገባኝ በዚህ እትም መልሱን በጽሑፍ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

እንደምታውቁት እዚህ ካኩማ አንድ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ተማሪ ነው። ስልክ ደግሞ ቢገኝ የአንድ ሰው ነው፤ ስክሪኑም ከመዳፍ አይበልጥም። ጥሩ የትምህርት ፊልም በስልክ ላይ ቢኖር የሚያዩት ከፊት የተቀመጡት አምስት ስድስት ልጆች ናቸው። ከኋላ ያሉት የሚያዩት የጓደኞቻቸውን ማጅራት ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር «የጋን ውስጥ መብራት» ይሉታል። ዛሬ የምንማረው ያንን መብራት ከጋኑ አውጥቶ ሁሉም በሚያየው ቦታ ማስቀመጥን ነው።

1. በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት

ብዙ ሰው «ዋይ ፋይ» እና «ኢንተርኔት» አንድ ይመስሉታል። አንድ አይደሉም። ዋይ ፋይ በአጭር ርቀት ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች በሬዲዮ ሞገድ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ከሩቅ የሚመጣ ጭነት ነው። ከናይሮቢ የሚመጣው ሎሪ ዛሬ ቢቀር እናንተ ከጎረቤታችሁ ጨው ከመበደር አትከለከሉም፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ አልተዘጋምና። ስልክና ቴሌቪዥንም እንዲሁ ናቸው። ኢንተርኔት ባይኖርም፣ በስልኩ ውስጥ ካርድ ባይሞላም፣ እርስ በርሳቸው መነጋገር ይችላሉ።

የልጅቷ ጥያቄ መልስ ባጭሩ ይህ ነው። የቀረው እንዴት እንደሚነጋገሩ መረዳት ነው።

2. ስዕሉ እንዴት ይጓዛል?

የስልክም ሆነ የቴሌቪዥን ስክሪን በጣም ጥቃቅን ከሆኑ ነጥቦች የተሠራ ነው። አንዱ የተለመደ መጠን ወደ ጎን 1280፣ ወደ ታች 720 ነጥቦች ያሉት ነው። ይህ ሲባዛ 921,600 ነጥብ ይሆናል። የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ለመግለጽ 24 ቢት ያስፈልጋል። ቢት ማለት የኮምፒዩተር ፊደል ነው፤ ወይ 0 ወይ 1። ስዕሉ የሚንቀሳቀስ እንዲመስለን ደግሞ በአንድ ሰከንድ 30 ጊዜ መለዋወጥ አለበት። እንግዲህ ሦስቱን አባዙ፦ 921,600 × 24 × 30። በየሰከንዱ ከ663 ሚሊዮን ቢት በላይ ይሆናል።

ይህን ሁሉ እንዳለ ማሻገር ለተራ ስልክና ቴሌቪዥን ከባድ ሸክም ነው። ስለዚህ ስልኩ አስቀድሞ ስዕሉን ያጥፈዋል። ይህ ሥራ «ኮምፕሬሽን» ይባላል። ዘዴው አስተማሪ በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ከምታደርጉት ጋር ይመሳሰላል። አስተማሪው አንድ መስመር በጨመረ ቁጥር ከላይ ጀምራችሁ ሙሉውን አትገለብጡም፤ አዲሱን መስመር ብቻ ትጨምራላችሁ። ስልኩም አንድ ጊዜ ሙሉ ስዕል ከላከ በኋላ በአብዛኛው የሚልከው የተለወጠውን ክፍል ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ በሰፊው ከሚያገለግሉት ስልቶች አንዱ በ2003 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የወጣው «ኤች 264» የሚባለው ነው። በዚህ ዓይነት 663 ሚሊዮን የነበረው ወደ ጥቂት ሚሊዮን ቢት ይወርዳል።

ጉዞውን በአራት እርምጃ መጠቅለል ይቻላል። ስልኩ ስክሪኑን ያነባል፤ ያጥፋል፤ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑ ተቀብሎ ዘርግቶ ያሳያል። ለማጠፍና ለመዘርጋት ጊዜ ስለሚወስድ የቴሌቪዥኑ ስዕል ከስልኩ ጥቂት ወደኋላ ይቀራል። ለትምህርት ፊልም ይህ ችግር አያመጣም። በስልክ ኳስ የሚጫወት ግን ጎሉ ከገባበት በኋላ ነው የሚያየው።

3. ሁለቱ መንገዶች

ስልክን ከቴሌቪዥን ጋር የማገናኘት ዘዴ ሁለት ዓይነት ነው። ልዩነታቸውን አለማወቅ ገንዘብ ያስወጣል።

የመጀመሪያው «ሚረሪንግ» ነው። ሚረር መስተዋት ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ የስልኩ መስተዋት ይሆናል፤ በስልኩ ላይ የሚታየው ሁሉ እንዳለ ይታያል። ፊልሙ በስልኩ ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ስልኩ ግን እስከ መጨረሻው መሥራት አለበት፤ ቢጠፋ ስዕሉም ይጠፋል።

ለዚህ ከሚያገለግሉት ስምምነቶች ዋነኛው በ2012 የወጣው «ሚራካስት» ነው። ሚራካስት ስልኩንና ቴሌቪዥኑን ያለ ሌላ አገናኝ መሣሪያ በቀጥታ ያገናኛል። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮችና ከ2013ቱ ዊንዶውስ 8.1 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ ይገኛል። ከጎግል ራሱ የሚወጡት ስልኮች ግን ከ2015 ጀምሮ ትተውታል። የአፕል ኩባንያ ለአይፎንና ለራሱ ኮምፒዩተሮች ያወጣው «ኤርፕሌይ» ይባላል። በ2010 ወጥቶ፣ ሙሉ ስክሪን ማሳየት የጀመረው በ2011 ነው። ከ2019 ወዲህ የሳምሰንግ፣ የኤልጂና የሶኒ አንዳንድ ቴሌቪዥኖችም ይቀበሉታል።

ሁለተኛው መንገድ «ካስት ማድረግ» ነው። እዚህ ላይ ስልኩ ስዕል አይልክም፤ ትእዛዝ ብቻ ይልካል። ለምሳሌ ያህል በዩቲዩብ ላይ አንድ ፊልም መርጣችሁ የካስት ምልክቱን ስትነኩ፣ ስልኩ ለቴሌቪዥኑ «ይህን ፊልም አምጥተህ አሳይ» ይለዋል። ቴሌቪዥኑም ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣዋል። ጎግል በ2013 ያወጣውና በ2024 ማምረቱን ያቆመው «ክሮምካስት» የተባለ ትንሽ መሣሪያ ይህን ዘዴ በሰፊው አስተዋውቋል።

በካስት ጊዜ ኢንተርኔቱ ከየት ይመጣል? ከእናንተ ስልክ በሆትስፖት ከሆነ የሚያልቀው የእናንተ ባንድል ነው። አንድ ቀን በዚህ ዓይነት የወር ባንድሌን በአንድ ምሽት ጨርሻለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ ስክሪኑም ጠፍቶ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ግን በእኔ ሺልንግ ተራ በተራ ፊልም ያመጣ ነበር። ስለዚህ ለእኛ የሚሻለው ሚረሪንግ ነው። ኔትወርክ ባለበት ሰዓትና ቦታ ትምህርቱን አንድ ጊዜ አውርዶ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ደጋግሞ በነፃ ማሳየት ነው። «ኪዊክስ» በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን እንኳ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል።

4. አሠራሩ

ሀ/ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጭናችሁ «ስክሪን ሚረሪንግ» ወይም «ስክሪን ሼር» የሚለውን ምረጡ።

ለ/ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ዋይ ፋይን ክፈቱ። ከላይ ወደ ታች በጣታችሁ ስትስቡ ከሚመጡት ምልክቶች መካከል ፈልጉ። ስሙ እንደየስልኩ ይለያያል፤ በሳምሰንግ «ስማርት ቪው»፣ በሁዋዌ «ዋየርለስ ፕሮጀክሽን»፣ በሌሎች «ካስት» ሊሆን ይችላል።

ሐ/ በአይፎን ላይ እንደየስልኩ ዓይነት ከላይ ከቀኝ ጥግ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ ሲሳብ በሚመጣው ክፍል ሁለት የተደራረቡ አራት ማዕዘኖች ያሉበትን ምልክት ንኩ። ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ዋይ ፋይ ላይ መሆን አለባቸው።

መ/ በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «ኬ» የሚለውን ፊደል ተጫኑ።

ሠ/ የቴሌቪዥኑ ስም ሲመጣ ምረጡ። ቴሌቪዥኑ ቁጥር ካሳየ ያንኑ ቁጥር አስገቡ። ስሙን በደንብ አንብቡ፤ በአካባቢው ሌላ ቴሌቪዥን ካለ የእሱም ስም ይመጣል፤ ትምህርታችሁ በጎረቤት ሻይ ቤት ይታይ ይሆናል።

ቴሌቪዥኑ የድሮ ሆኖ ይህ ከሌለው ግን «ኤችዲኤምአይ» የሚባል ቀዳዳ ካለው፣ እዚያ የሚሰካ «ዶንግል» የሚሉት ትንሽ ተቀባይ መሣሪያ አለ። ላፕቶፕና የኤችዲኤምአይ ኬብል ካላችሁ ደግሞ በኬብሉ ተጠቀሙ፤ ኬብል አይቆራረጥም፣ ወደኋላም አይቀርም። ያለ ሽቦ መሆኑ ምቾት ነው እንጂ ክብር አይደለም።

5. ካልሠራስ?

ስዕሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አቅርቡ። የሬዲዮ ሞገድ የጭቃ ግድግዳን እየደከመም ቢሆን ያልፋል፤ ቆርቆሮ ግን መልሶ ይወረውረዋል። ስለዚህ በስልኩና በቴሌቪዥኑ መካከል የቆርቆሮ በር አይኑር። ብሉቱዝ አያስፈልግምና አጥፉት፤ ከብዙ ዋይ ፋይ ጋር ያንኑ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሻማል። የቴሌቪዥኑ ስም ጨርሶ ካልመጣ ሁለቱንም አጥፍታችሁ ክፈቱ። ድምፁ እየተሰማ ስዕሉ ጥቁር ከሆነ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ የሚከፈልባቸው ፊልሞች እንዳይገለበጡ ተብሎ በባለቤቶቻቸው ይከለከላሉ። የስልኩን ባትሪም አስቀድማችሁ ሙሉ፤ ሚረሪንግ ባትሪ ይበላል።

6. ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ

መስተዋት የሚያሳየውን አይመርጥም። ሚረሪንግም እንዲሁ ነው።

ባለፈው ተርም ስልኬ ተበላሽቶ ከአንድ ተማሪ ስልክ ተዋስኩ። ልጁ በደስታ ሰጠኝ። ስለ ደም ዝውውር እያየን ሳለ በቴሌቪዥኑ አናት ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ። ከታላቅ ወንድሙ የመጣ ነበር። በስልክ ላይ ቢሆን ከአንድ ጣት የማይበልጥ ጽሑፍ፣ ከመጨረሻው ወንበር ሊነበብ በሚችል ፊደል ወጣ። እኔ ሪሞቱን እስክፈልግ ድረስ ክፍሉ ሁሉ አነበበው። መልእክቱ ምን እንደሚል እዚህ አልጽፍም፤ ያን ዕለት ያነበቡት ይበቃሉ። ልጁ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልመጣም። ጥፋቱ የእሱም የወንድሙም አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ይህን እንድጽፍም እሱ ራሱ ፈቅዶልኛል።

በካምፕ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ብዙ ነገራችን በሰው ፊት ነው። ውኃ የምንቀዳው፣ ራሽን የምንወስደው፣ ስማችን ተለጥፎ የምንፈልገው ሁሉ በሰልፍ ነው። ለብዙዎቻችን ከሰው ዓይን የተሰወረ ጓዳ ሆኖ የቀረን ስልካችን ብቻ ነው። የቤተሰብ ወሬ፣ የጉዳያችን መልስ፣ ከዐረብ አገር እኅት የምትልከው መልእክት የሚገባው እዚያ ነው። ስለዚህ የሰውን ስልክ በቴሌቪዥን ላይ መክፈት የሰውን ጓዳ መክፈት ነው።

መከላከያው ቀላል ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከማገናኘታችሁ በፊት ስልኩን በ«ኤርፕሌን ሞድ» ላይ አድርጉት፤ ከዚያ ዋይ ፋዩን ብቻ መልሳችሁ ክፈቱ። ያን ጊዜ ስልክ አይደወልም፣ በሲም ካርድ የሚመጣ መልእክት አይገባም፤ የሚራካስት ሚረሪንግ ግን ይሠራል። ዋይ ፋዩ ኢንተርኔት ካለው ዋትስአፕና ቴሌግራም ሊገቡ ስለሚችሉ «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለውንም ጨምሩበት። ፊልሙን አስቀድማችሁ ከፍታችሁ አዘጋጁ፤ የፎቶ ማኅደር በሰው ፊት አይገለበጥም። ሲጨርሱ ማቋረጣችሁን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ስልኩ የሌላ ሰው ከሆነም ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ስልኩንም ራሱ ይያዝ።

እኔ አሁን ይህን ሳላደርግ አንድም ጊዜ አላገናኝም። እናንተም በየሰፈራችሁ ለታናናሾቻችሁ ትምህርት ስታሳዩ እንዲሁ አድርጉ። መብራቱን ከጋን ስናወጣ የሰው ቤት እንዳናቃጥል ነው።

መልመጃ

1ኛ/ አንድ ፊልም በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ቢት ከኢንተርኔት የሚያመጣ ቢሆን፣ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊዮን ባይት ከባንድላችሁ ይወስዳል? (8 ቢት 1 ባይት ነው።)

2ኛ/ ስልኩን ብታጠፉት በየትኛው መንገድ ፊልሙ ይቆማል? በየትኛውስ ሊቀጥል ይችላል? ምክንያቱን ግለጹ።

3ኛ/ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ዩቲዩብን ካስት ማድረግ የማይቻለው፣ በስልክ ውስጥ የተቀመጠን ፊልም ግን ሚረር ማድረግ የሚቻለው ለምንድን ነው?

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለክፍል አለቃችሁ ስጡ። ትክክለኛው መልስ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።

መልካም ጥናት!