በርቀት የሚታይ ጤፍ
ስለ ቪዲዮ ምስል መዘግየትና ጥራት ለነጋዴዎች የሚጠቅም ማብራሪያ

ዕቃ ሳይታይ ዋጋ አይቈረጥም። ይህ በንግድ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የጸና ደንብ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ከደጀን፥ ከቢቸናና ከሞጣ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ፥ ቀድሞ ናሙናው በከረጢት ተቋጥሮ ለሾፌር ይሰጥ ነበር፤ የእህል በረንዳው ገዢም ናሙናውን በመዳፉ ዘርግቶ፥ አሽትቶና ቈርጥሞ ካየ በኋላ ዋጋውን ያስታውቅ ነበር። ዛሬ ግን ሻጩ ጤፉን በእጅ ስልኩ በቪዲዮ ያሳያል፤ ገዢውም ከመደብሩ ሳይነሣ ይመለከታል። የሁለት ቀን ጉዳይ በሩብ ሰዓት ያልቃል።

ሆኖም ይህ ጥቅም ከነችግሩ የመጣ መሆኑ አይካድም። ምስሉ በመካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዱ አዲስ ዋጋ ሲጠራ የሌላው «እሺ» የተባለው ለቀድሞው ዋጋ ይሆናል። ከዚህም የከፋው፥ የደበዘዘ ምስል ሠርገኛውን ጤፍ ነጭ፥ ነጩንም ማኛ አስመስሎ ማሳየቱ ነው። በአንድ ኩንታል ላይ የ200 ብር ልዩነት ብቻ ቢኖር፥ 400 ኩንታል በሚጭን ከባድ መኪና ላይ ልዩነቱ 80,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ የምስል መዘግየትና ጥራት ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ የነጋዴም ጉዳይ ነው።

የመንገድ ስፋትና የመንገድ ጊዜ

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፥ መሥመሩ በአንድ ሴኮንድ የሚያሳልፈው የመረጃ ብዛት ነው፤ ሁለተኛው፥ አንድ መልእክት ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ እስኪደርስ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ፥ ማለት መዘግየቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ሲከፈት የወንዙ መሻገሪያ ተሻሻለ፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ግን አላጠረም። እንደዚሁም ሰፊ መሥመር ያለው ሰው ብዙ ምስል ይቀበላል እንጂ፥ ምስሉ የግድ ቶሎ ይደርሰዋል ማለት አይደለም።

ብርሃን በመስታወት ክር ማለት በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ስሌት ከደጀን እስከ አዲስ አበባ ያለው 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚፈጀው ከአንድ ሚሊሴኮንድ፥ ማለት ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ፥ ብዙ አይበልጥም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ግን ወደ ውጭ የሚወጣው መሥመር እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ከባሕር ኬብል ጋራ ይገናኛል። ጥሪውን የሚያቀባብለው መሣሪያ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ፥ ከደጀን ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ምስል አውሮፓን ዞሮ ይመለሳል። ይህ ዙር 16,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ የብርሃኑ ጉዞ 80 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የሚመክረው መዘግየት ወደ አንድ ወገን ከ150 ሚሊሴኮንድ ያልበለጠ ስለሆነ፥ ርቀት ብቻውን ጨዋታውን አያበላሽም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ወረፋ ነው። በገበያ ቀን ብዙ ሰው በአንድ የስልክ ማማ ዙሪያ ሲሰበሰብ የማማውን አቅም ሁሉም ይካፈሉታል፤ መልእክቶቹም በኬላ እንደ ቆሙ መኪናዎች ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ምስል የሚጨመቅበት ዘዴ

በወርዱ 1,280፥ በቁመቱ 720 ነጥብ ያለው ቪዲዮ በሴኮንድ 30 ሥዕል ቢያሳይና ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ቢሰጠው፥ በየሴኮንዱ 663 ሚሊዮን ቢት ያህል መላክ ያስፈልግ ነበር። ይህን ተራ የእጅ ስልክ መሥመር አይችለውም። ስለዚህ ስልኩ ምስሉን ይጨምቀዋል፤ አንዱን ሥዕል ሙሉውን ይልክና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ያስከትላል። እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ኤች 264 የተባለው ደንብ በ1995 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፥ ያን ሁሉ ሸክም ወደ 2 ሚሊዮን ቢት ገደማ ያወርደዋል። በዚህ መጠን የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 900 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል።

ከዚህ ላይ ጤፍ ነጋዴውን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። ጤፍ እጅግ ደቃቅ እህል ነው፤ ከእፍኝ ወደ ሰፌድ ሲንቆረቆር በሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለዋወጣል። የመሥመሩ አቅም ሲያንስ ስልኩ ደቃቁን ነገር እየተወ ዋናውን ቅርጽ ብቻ ይልካል። ስለሆነም ሻጩ «ይኸው ተመልከት» ብሎ በሚያንቆረቁርባት ደቂቃ፥ ለገዢው የሚታየው ፍሬው የማይለይ ነጣ ያለ ነገር ነው። ሻጩ አላታለለም፤ ገዢውም አላየም።

መጋዘን ያለውና መጋዘን የሌለው

መኪና ሲዘገይ እንዳይቸገር በመጋዘኑ እህል የሚያከማች ነጋዴ አለ። የቀጥታ ሥርጭት የሚያስተላልፉ ድርጅቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። አፕል የተባለው ኩባንያ በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ሥርዓት መሠረት ቪዲዮው በቁራጭ ይከፈላል፤ ቁራጩ የ6 ሴኮንድ ቢሆንና ተቀባዩ ስልክ ሦስት ቁራጭ አከማችቶ ማሳየት ቢጀምር፥ የሚታየው ነገር ቢያንስ 18 ሴኮንድ ያለፈው ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ በስልኩ የሚያይ ሰው፥ ኳሱ ገና ከመረብ ሳይገባ የጎረቤቱን እልልታ የሚሰማው ስለዚህ ነው። መሥመሩ ሲጠብም ስልኩ ዝቅ ያለ ጥራት ያለውን ቁራጭ እየመረጠ ሥርጭቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ዋጋ የሚደራደሩ ሁለት ሰዎች ግን 18 ሴኮንድ ሊጠባበቁ አይችሉም። ስለዚህ የቪዲዮ ጥሪ የሚያከማቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ በመንገድ የጠፋውንም መልእክት ብዙ ጊዜ ሳይጠብቅ አልፎት ይሄዳል። መዘግየቱ ያንሳል፤ ነገር ግን ምስሉ ይቈራረጣል። እንግዲህ በጠባብ መሥመር ላይ ፍጥነትንና ጥራትን ባንድነት ማግኘት አይቻልም፤ አንዱን የፈለገ ከሌላው ጥቂት መክፈል አለበት።

ለነጋዴዎች የሚሰጥ ምክር

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ማየትንና መደራደርን መለየት ነው።

አንደኛ፥ ጤፉ የሚታይበት ቪዲዮ በጥሪ ሳይሆን አስቀድሞ ተቀርጾ ይላክ። በቴሌግራም ሲላክ «ፋይል» በሚለው በኩል ቢሆን እንደገና ስለማይጨመቅ ጥራቱ አይቀንስም። ለመድረስ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ጉዳት የለውም።

ሁለተኛ፥ ስልኩ በአንድ ነገር ላይ ተደግፎ ይቁም፤ ጤፉም በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ለጥቂት ጊዜ ሳይነካ ይታይ። ስልክ ብርሃንንና ቀለምን በራሱ ስለሚያስተካክል፥ ከጤፉ አጠገብ ነጭ ወረቀት ማኖርና በቀን ብርሃን መቅረጽ ተገቢ ነው። ገዢው የጤፉን ንጣት ከወረቀቱ ጋራ ያስተያያል።

ሦስተኛ፥ የዋጋው ንግግር በድምፅ ብቻ ይሁን። የተለመደው ዲጂታል የስልክ ድምፅ በሴኮንድ 64,000 ቢት ብቻ ስለሚጠይቅ፥ ለቪዲዮ በማይበቃ መሥመር ላይ በደኅና ያልፋል። ዋጋው ከተቈረጠም በኋላ የጤፉን ዓይነት፥ የኩንታሉን ብዛትና ዋጋውን በጽሑፍ ልኮ ማረጋገጫ መቀበል ይገባል።

አራተኛ፥ ኢትዮ ቴሌኮምና በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው ሳፋሪኮም ሁለቱም በሚደርሱበት ሥፍራ፥ የሁለቱንም ሲም መያዝ የአንዱን ወረፋ በሌላው ለማለፍ ይረዳል።

በመጨረሻም የዚህን መሣሪያ ወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱ ይታወሳል፤ መሥመር ሲዘጋ ምንም ዘዴ አይረዳም። መሥመሩ በተከፈተበትም ጊዜ ቢሆን፥ ምስሉ የቱንም ያህል ቢጠራ የእህሉን እርጥበት፥ ሽታውንና ከጥርስ ሥር የሚንኳኳውን አሸዋ አያሳይም። ቪዲዮ የትኛው ጤፍ ለድርድር እንደሚበቃ ይለያል፤ ክፍያው ግን ጤፉ ከመኪና ሲወርድ በእጅ ከታየ በኋላ እንዲፈጸም አስቀድሞ መስማማት፥ ለሻጩም ስም ለገዢውም ገንዘብ ዋስትና ነው።